ነጋሪት ያልተጎሰመለት ዘመቻ

በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ፣ በአብርሃ ጅራ ዙሪያ፣ ሰሊጥ የሚታጨደው ክረምቱ ወጥቶ ጥቁሩ መሬት መሰነጣጠቅ ሲጀምር ነው። ሰሊጥ ቀጠሮ የሚያፈርስ ሰው አይወድም። ቀድመው ያጨዱት እንደሆነ ፍሬው አይሞላም፤ ጥቂት ቀን ያሳለፉት እንደሆነ ደግሞ ራሱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋው አገር እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ማጭዱን ይዞ ወደ ቆላው የሚወርደው ስለዚህ ነው፤ ባለ እርሻውም፣ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ሻይ አፍልታ የምትሸጠውም ሴት ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያችኑ አጭር ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ሌሊት ከብት የተነዳ እንደሆነ፣ ወይም ከወንዙ በአንደኛው ዳር ጠመንጃ የጮኸ እንደሆነ፣ ሠራተኛው ማጭዱን ጥሎ ይበተናል፤ የዓመቱም ድካም እዚያው እማሳው ላይ ይረግፋል። በዚህ አገር ያለ መንግሥት ትእዛዝ ድንበር ተሻግሮ የሚዘምት ሰው የሚያስከፍለው ዋጋ መጀመሪያ የሚቈጠረው በሰሊጥ ነው። በደም የሚቈጠረው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ያለ መንግሥት ትእዛዝ መዝመት በአማርኛ ስም ያጣ ነገር አይደለም። ክተት የንጉሥ ነበረ። ነጋሪት ሳይጎሰም፣ አዋጅ ነጋሪ ከገበያ መካከል ቆሞ ሳይለፍፍ፣ ጦር ማስነሣት ለማንም አይገባም ነበር። ነጋሪት የመንግሥት አንደበት በመሆኑም ነው በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው የሕግ ጋዜጣ በእርሱ ስም የተሰየመው። ከዚህ ሥርዐት ውጭ የሚወጣው ሰው ግን ልዩ ልዩ ስም አለው። ከጌታው ተጣልቶ ወይም ደም ገብቶ ጫካ የወረደው ሽፍታ ይባላል። ሳይጠራ፣ በገዛ ስንቁና በገዛ ጠመንጃው የሚዘምተው ፋኖ ይባል ነበር፤ ቃሉ ዛሬ የተሸከመው ክርክር ሌላ ነው፤ እዚህ የተነሣው በጥንት ትርጕሙ ብቻ ነው። ወዶ ዘማች የሚባልም አለ። ልብ ብሎ ለተመለከተ ከነዚህ ስሞች መካከል ነቀፋ ብቻ የሆነ አንድም አይገኝም። ሽፍታ እንኳ እንደ ተናጋሪው አንድ ጊዜ ወንበዴ፣ አንድ ጊዜ ጀግና ነው። መንግሥታት ሕግ ባወጡ ቍጥር የገጠማቸው እንቅፋት ይኸው ነበር፤ የከለከሉት ነገር በሕዝብ አንደበት ግማሽ ሙገሳ ሆኖ ቆያቸው።

ሌላውም ዓለም ከዚህ አላመለጠም። የሰሜን አሜሪካ መንግሥት ገና በሁለት እግሩ ሳይቆም፣ እ.ኤ.አ. በ1794፣ ማንም ሰው ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ሰላም ባለው ባዕድ መንግሥት ላይ የግል ጦር እንዳያዘምት የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ ጥብቅ ነበረ፤ ፈራጆቹ ግን የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ዊልያም ዎከር የተባለው ሰው ጥቂት ታጣቂዎች አስከትሎ ወደ ሜክሲኮ ከዘመተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1854 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ቢከሰስ፣ ከሕዝቡ የተመረጡት ፈራጆች ስምንት ደቂቃ ተመካክረው በነፃ ለቀቁት። በማግሥቱ ዓመት ኒካራጓ ገባ፤ ቈይቶም ራሱን ፕሬዚዳንት አስባለ፤ መጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1860 በሆንዱራስ መረሸን ሆነ። እንግሊዝም ተመሳሳይ ሕግ ነበራት። ይሁንና በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም.፣ ከዐድዋ ድል ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ዶክተር ጄምሰን አምስት መቶ ያህል ፈረሰኞች ይዞ ትራንስቫልን ለመገልበጥ ከመዝመት ሕጉ አላገደውም። ተማረከ፤ ለንደን ላይም ተፈርዶበት ታሰረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያው ሰው የኬፕ ቅኝ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከእስር ቤት እስከ ሚኒስትርነት ያለው መንገድ ለእርሱ ይህን ያህል አጭር ነበረ።

ለእኛ አገር ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሳጋሎው ነገር ነው። አሺኖቭ የሚባል ሩሲያዊ፣ ከመንግሥቱ ሹመት ሳይቀበል፣ ኮሳኮችንና ካህናትን ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ይዞ ወደ ሐበሻ እሄዳለሁ በማለት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ሰፈረ፤ ባንዲራም ሰቀለ። ሥፍራው ፈረንሣዮች የእኛ ነው የሚሉት ነበረና ተነሥ አሉት፤ እንቢ አለ። የፈረንሣይ መርከቦች በየካቲት 11 ቀን 1881 ዓ.ም. መድፍ ተኰሱበት፤ ሰውም ሞተ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 3ኛም አሺኖቭ የእኔ ሰው አይደለም አለ። ይህ የሆነው ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከመሠዋታቸው ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በአንድ የካቲት በአንደኛው የአገር ዳር ባለቤት ያጣ ዘመቻ በመድፍ ሲበተን፣ በሌላው ዳር የሁለት መንግሥታት ጦር እየተቃረበ ነበር። የሁለተኛው ሥር የት እንደ ነበረ ወደ ኋላ ይነሣል።

በአማራው ደጋ ከብት ሲሰረቅ ጥንታዊ ሥርዐት አለ። ባለቤቱና ጎረቤቶቹ ዱካ ይከተላሉ፤ ዱካው ከገባበት መንደር ሲደርሱ የመንደሩ ሰዎች ዱካውን ከወሰናቸው ማውጣት ወይም ዕዳውን መክፈል አለባቸው። አውጫጭኝም አለ፤ አገሬው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ያወጣል። ሥርዐቱ ያለ ፖሊስና ያለ እስር ቤት ለብዙ ዘመን አገር አስተዳድሯል። በአርማጭሆና በመተማ ቆላ ግን ዱካው ከአንገረብ ወይም ከጓንግ ወንዝ ዳር ደርሶ ይጠፋል። ከወንዙ ማዶ ወንዞቹ ስማቸው ሳይቀር ይለወጣል፤ ጓንግ አትባራ፣ አንገረብ ባሕር አስ ሰላም ይባላል። የማዶው መንደር በዚህ ወገን ዳኛ አይጠራም፤ የዚህም በዚያ። በመተማና በጋላባት መካከል ያለው ወሰን ደግሞ በበጋ ሰው ጫማው ሳይርስ የሚያልፈው ፈለግ ነው። ከብቱ የተነዳበት ሰው ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ አለው፤ ከሹም ደጅ ሄዶ መጥናት ወይም ጠመንጃውን አንሥቶ ዱካውን ራሱ መከተል። የድንበር ዘመቻ ታሪክ ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሁለተኛውን የመረጡ ሰዎች ታሪክ ነው።

ዱካ የሚከተሉት ብቻ አልነበሩም እንጂ። በ1815 ዓ.ም. የሸንዲው ገዥ መክ ኒምር፣ ስሙ በዐረብኛ ነብር ማለት ነው፣ የግብፁን ገዥ የመሐመድ ዓሊን ልጅ እስማኤል ፓሻን ከነጭፍራው በእሳት አቃጥሎ ገደለ። የግብፅ ጦር ለበቀል በጃዓሊን ሕዝብ ላይ ያወረደው መዓት እስከ ዛሬ በሱዳን ይተረካል። ኒምርና ወገኖቹ ወደ ምሥራቅ ሸሽተው በወልቃይትና በአርማጭሆ ጠረፍ በቆላው ምድር ሰፈሩ፤ የኢትዮጵያ መሳፍንትም ተቀበሏቸው። ስደተኛን መቀበል የቆየ ልማድ ነውና በዚህ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን መጠለያው ከጊዜ በኋላ የጦር ሰፈር ሆነ። ኒምርም፣ ከእርሱም በኋላ ልጁ፣ ከዚያ እየተነሡ በግብፅ እጅ ያለውን የሱዳን ጠረፍ ለብዙ ዓመታት ወረሩ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. ወደዚያ በዘለቀ ጊዜ የኒምር ልጅ በጠረፉ የተፈራ ጌታ ሆኖ አግኝቶታል። የጎንደር መንግሥት ይህን ማቆም ይችል ነበር ወይ? ምናልባት። ግን ለምን ያቆማል? የባዕድ ጠላት የሆነ ሰው በጠረፍ ተቀምጦ ያለ ደመወዝ ይጠብቅለታል፤ ዘመቻው ሲሠምር ግብር ይቀበላል፤ ሲከሽፍ አላዘዝሁም ይላል። እንዲህ ያለው ስሌት ከዚያም ወዲህ በየዘመኑ ተመልሶ ተሠርቷል፤ የሠሩትም ኢትዮጵያውያን ብቻ አይደሉም።

የመተማ ተክሩሮች ከዚህ ሁሉ መካከል የፈጠሩት ዘዴ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወገን መጥተው የሰፈሩት እነዚህ ሰዎች በሼህ ጁማ ዘመን ለግብፅም፣ ለዐፄ ቴዎድሮስም ግብር ይከፍሉ ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር በመጽሐፍ የተነቀፈ ይሁን እንጂ በጠረፍ ገበያ ላይ ለተቀመጠ ነጋዴ ከጠመንጃ ይረክሳል።

ካሳ ኃይሉ የተነሣው ከዚሁ ቆላ ጫፍ፣ ከቋራ ነው። ወንድሙ ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ወድ ከልታቡ በተባለው ሥፍራ የግብፅን ጦር ድል ነሥተው ስማቸው ገኖ ነበረ። ይህ ድል በካይሮ ቍጣ ቀስቅሶ መሐመድ ዓሊ ሐበሻን ለመውረር ሲያስብ፣ የእንግሊዝ ቆንስል አትውረር ብሎ አስጠነቀቀው። ካሳ ያደገው እንዲህ ባለ ወሬ መካከል ነው። በበረሃ ሸፈተ፤ ጭፍራ አበጀ፤ ከዘረፈውም ለድኻ ያከፍል ነበር ይባላል። በኋላ ከራስ ዓሊ ቤት ተጋብቶ የደንቢያና የቋራ ጌታ ከሆነ በኋላም ልቡ ከማዶው አልተመለሰም። በ1840 ዓ.ም. ጦሩን ይዞ ወደ ሱዳን ወርዶ ደባርቂ ላይ የግብፅን ምሽግ ገጠመ። (ሥፍራው በሰሜን ተራሮች ግርጌ ካለችው ከደባርቅ ከተማ ጋር መምታታት የለበትም።) የጎንደር ንጉሠ ነገሥት በስም ብቻ የነገሠበት ዘመን ነበረና፣ ይህ ዘመቻ የመንግሥት ክተት ነበረ ለማለት አይቻልም። አንድ የጠረፍ ጌታ በገዛ ፈቃዱ በባዕድ ግዛት ላይ ያካሄደው ዘመቻ ነው።

ደባርቂ ላይ የሆነው የሚታወቅ ነው። የካሳ ሰዎች በጀግንነት አልተበለጡም። ከምሽግ ኋላ ተሰልፎ በትእዛዝ የሚተኵስ ጥቂት ወታደርና መድፍ ግን እንደ ቅጠል አረገፋቸው። ካሳ ተሸንፎ ተመለሰ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ንጉሥ ቴዎድሮስ የተወለደው በዚያ ሽንፈት ነው ይላሉ፤ ስለ መድፍና ስለ ሥርዐት ያለው ጥማት ከዚያ የመነጨ እንደ ሆነ ያስረዳሉ። እውነት ነው፤ ጋፋት ላይ የተቀለጠው ሴባስቶፖል የሚጠቀሰውም ከዚህ ጋር ነው። ነገር ግን ከመድፉ ይልቅ ሊተኰርበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በ1847 ዓ.ም. ከነገሠ በኋላ ካወጣቸው አዋጆች አንዱ እያንዳንዱ ሰው ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ፣ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ የሚል ነበረ። ታጥቀው የመጡ ወንበዴዎች «የአባታችን ሥራ ዘረፋ ነው» ብለውት፣ እርሱም አስቀድሞ በሬና ማረሻ ልስጣችሁና እረሱ እንዳላቸው፣ እንቢ ባሉ ጊዜም በሞት እንደ ቀጣቸው ይተረካል። እነርሱን የቀጣው ከጥቂት ዓመታት በፊት ራሱ እንደ እነርሱ የነበረ ሰው ነው። ያለ አዋጅ የዘመተው ካሳ፣ ቴዎድሮስ ሲባል ያለ አዋጅ የሚዘምተውን ሁሉ ለማጥፋት ተነሣ። ይህን እንደ ክህደት የሚያዩት አሉ፤ ይልቁንስ የግል ዘመቻን ዋጋ ከማንም ይበልጥ የከፈለው እርሱ ስለ ነበረ የተረዳው ነገር ሊሆን ይችላል። ግብፆችም ቢሆኑ የቀድሞውን ካሳ አልረሱም። የሰዒድ ፓሻ መልእክተኛ ሆነው በታኅሣሥ 1849 ዓ.ም. ደብረ ታቦር የደረሱት የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ቄርሎስ ከጸሎት ሌላ የያዙት ጕዳይ የጠረፉን ሰላም የሚመለከት ነበረ። ቴዎድሮስ ተጠራጠራቸው፤ ለጊዜውም አሰራቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን በአንድ ትንፋሽ ሊነገር ይችላል። ዐፄ ዮሐንስ በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተዋዋሉት ውል ውስጥ፣ ወንጀል ሠርቶ ወደ ሌላው ግዛት የሸሸውን ሰው አንዱ ለሌላው አሳልፎ ይሰጣል የሚል አንቀጽ አለ። በቀለም ደረጃ የመክ ኒምር ዘመን እዚያ ላይ አበቃ። ግን ውሉ ከግብፅ ጋር ነበረ፤ በሱዳን ግብፅን የተኩት ደርቡሾች ደግሞ አልፈረሙም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማዶው ሰዎች በዚህ ወገን ያደረሱትን ለመበቀል በጥር 1879 ዓ.ም. ጋላባትን መትተው አቃጠሉ፤ የደርቡሾቹ አዛዥ ወድ አርባብም ተገደለ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ ሐምዳን አቡ አንጃ ሳር ውሃ ላይ የተክለ ሃይማኖትን ጦር ሰብሮ ጎንደርን አቃጠለ። በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መተማ ላይ ወደቁ። ከመንደር ቃጠሎ ወደ ከተማ ቃጠሎ፣ ከከተማ ቃጠሎ ወደ ንጉሥ ሞት ለመድረስ የፈጀው ጊዜ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ነው።

ወሰኑ በወረቀት ላይ የተሠመረው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዙ መልእክተኛ በሐሪንግተን ፊርማ ነው። በ1895 ዓ.ም. ሜጀር ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን መስመሩን በምድር ላይ አመለከተ፤ የኢትዮጵያ ወገን ተወካይ ግን አብሮት አልነበረም። የዛሬው የአልፋሽቃ ክርክር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመት ያህል የሁለቱ መንግሥታት የድንበር ጕዳይ ባመዛኙ የአቤቱታ ጕዳይ ነበረ፤ ዝሆን አዳኞች ተሻገሩ፣ ባሪያ ፈንጋዮች ተሻገሩ፣ ከብት ተነዳ የሚል። በ1917 ዓ.ም. አካባቢ ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ቺስማን የጣናንና የዓባይን ካርታ በመሥራቱ ቢታወቅም፣ ከዕለት ሥራው አንዱ እንዲህ ያለውን አቤቱታ መከታተል ነበረ። ኢትዮጵያም በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሣይና ከጣልያን ጋር ስለ ጦር መሣሪያ ማስገባት ስትዋዋል በአገሯ ያለውን መሣሪያ የመቈጣጠር ግዴታ ገባች። ከስድስት ዓመት በኋላ ያንን ውል ከፈረሙት አንዷ አዲስ አበባን ያዘች።

እዚህ ላይ ጕዳዩ ይገለበጣል። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በአርማጭሆ ዱር የገባውን አርበኛ ጣልያን ሽፍታ አለው። አርበኛው የባዕድ ግዛት አልወረረም፤ የገዛ አገሩን ነው የያዘው። ወደ ማዶ የሚሻገረው ጥይት ለመግዛት፣ ቍስለኛ ለማሳከም፣ ወሬ ለመስማት ነው። በሱዳን ያለው የእንግሊዝ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1938 ከጣልያን ጋር ተስማምቶ ስለ ነበረ፣ ከሱዳን ምድር የታጠቀ ሰው ወደ ኢትዮጵያ እንዳይሻገርና መሣሪያ እንዳያልፍ ያግድ ነበር። የገለልተኛነት ሕግ በዓለም ላይ የተጻፈው የግል ወራሪን ለማገድ ነው፤ ያን ጊዜ በጋላባት ያገደው ግን የተወረረውን ሰው ነበረ። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣልያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነገሩ በአንድ ሌሊት ተለወጠ። ትናንት ጥይት ሲይዝ የነበረው መኰንን ዛሬ ጥይት በግመል ይጭን ጀመር። በነሐሴ የሳንድፎርድ ጓድ ወደ ጎጃም ተሻገረ፤ ከዚያም ቤንቲንክ የተባለው መኰንን ወደ አርማጭሆ ገብቶ አሞራው ውብነህ እየተባለ ከሚታወቀው አርበኛና ከሌሎቹ መሪዎች ጋር ተገናኘ። ወንዙ ያው ነው፤ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ የያዙትም ምንሽርና አልቤን ያው ነው። በዚያ ትውልድ አእምሮ ውስጥ ድንበር መሻገር ወንጀል ነው የሚለው ሐሳብ ሥር ሊሰድ ያልቻለው ከዚህ የተነሣ ቢሆን አያስደንቅም። በድንበር ላይ ለኖረ ሰው ሕግ ማለት ማዶ ያለው ሹም በዚያ ወር ከማን ጋር እንደ ታረቀ ማወቅ ነበር።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ኋላም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ በውጭ አገር መንግሥት ላይ የሚፈጸም የጠላትነት ድርጊትንና የባዕድ መንግሥትን ልዕልና መድፈርን የሚቀጡ አንቀጾች አሏቸው። አንቀጾቹ ጥሩ ናቸው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ትራክተር ወደ ሁመራና ወደ መተማ ቆላ በወረደ ጊዜ ግን ጥያቄው የመሬት ሆነ፤ ገበሬ መስመሩ የት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ማረሱን ቀጠለ፤ ከማዶም እንደዚሁ። ጠመንጃ ማሳ ጠባቂ ሆነ። ሐምሌ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች የውጭ ጕዳይ ሚኒስትሮች፣ ምናሴ ኃይሌና መንሱር ኻሊድ፣ የተለዋወጡት ደብዳቤ የግዊንን መስመር እንደ መነሻ ተቀብሎ፣ በእርሻ የተያዘው መሬት ጕዳይ መፍትሔ እስኪገኝለት ድረስ ባለበት እንዲቈይ አደረገ። በዚያው ዓመት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ለማስታረቅ በአዲስ አበባ የተደረገውን ድርድር አግዘው ነበረና፣ ሁለቱ መንግሥታት አንዱ የሌላውን አማፂ እንዳያስጠጋ የሚያስችል የመተማመን መንፈስ ታይቶ ነበር።

መንፈሱ ብዙ አልቈየም። በ1969 ዓ.ም. በራስ መንገሻ ሥዩምና በጄኔራል ነጋ ተገኝ የሚመራው ኢዲዩ ከሱዳን ምድር ተነሥቶ፣ በኒሜሪ መንግሥት እየተረዳ፣ ሁመራንና መተማን ያዘ፤ በዚያው ዓመት የመንግሥት ጦር መልሶ አስለቀቀ። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ሱዳኑ ንቅናቄ በኢትዮጵያ ምድር ተመሠረተ። ሁለቱም መንግሥታት ገበሬውን ያለ ትእዛዝ ድንበር አትሻገር እያሉ፣ እነርሱ ራሳቸው ትእዛዝ አልባ የሚመስል ዘመቻ ያሰናዱ ነበር። ከዚህ በኋላ አንድ የመተማ ሽማግሌ ሕጉን ከልቡ እንዲያምን መጠበቅ ከሽማግሌው ብዙ መጠየቅ ነው።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው የ2012ና የ2013 ዓ.ም.ን ነገር በጥሞና ይመረምራል። በግንቦት 2012 ዓ.ም. በድንበሩ ላይ በተፈጠረ ግጭት አንድ የሱዳን መኰንን ሲገደል፣ ካርቱም በኢትዮጵያ ሠራዊት የሚደገፉ ታጣቂዎች አደረጉት አለች። የኢትዮጵያ የውጭ ጕዳይ ሚኒስቴር ሐዘኑን ገልጾ ጕዳዩ በጋራ እንዲጣራ ጠየቀ። በዚያው ዓመት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ታውጆ ነበር። አዋጁ በቆላው ገበሬ ዘንድ የገጠመው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ክላሹን ያስረከበ እንደሆነ ሌሊት ማሳውን ማን ይጠብቅለታል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይገኝ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ የሱዳን ጦርም ወደ አልፋሽቃ ገባ። ሰሊጥና ማሽላ ዘርተው ለማጨድ የተዘጋጁ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ሰብላቸውን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያ የሱዳን ጦር ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስ፣ ክርክሩም በውይይት እንዲያልቅ ጠየቀች፤ ጦርነት አላወጀችም። ያን ጊዜ በአብርሃ ጅራና በአብደራፊ መሣሪያ ያልነበረው ባለ እርሻ ጥቂት ነበረ፤ መሬቱን በገዛ ኀይሉ ለማስመለስ ቍጣ ያልነበረውም እንደዚሁ። መንግሥት ጠብቁ ሲል፣ እነርሱ የጠበቁበት ዋጋ በየትኛውም በጀት ውስጥ አልተመዘገበም። ብድር ነበረባቸው፤ የትራክተር ኪራይ ነበረባቸው፤ ከደጋ ያመጡት ሠራተኛ የመንገድ ገንዘብ ይጠብቅ ነበር። ድንበር ዘለል የግል ዘመቻን ማስቆም በሕግ መጻሕፍት የቅጣት ጕዳይ ሆኖ ይነበባል፤ በዚያ ዓመት ግን የሆነው ሰው ቂሙን ይዞ ቤቱ እንዲቀመጥ መለመን ነበረ። ልመናው የሚሠምረው ደግሞ ከብቱን፣ መሬቱን ወይም ካሣውን የሚያስመልስለት ሌላ እጅ አለ ብሎ ካመነ ነው።

የጎንደርና የገዳሪፍ አስተዳዳሪዎች በየጊዜው ሲገናኙ ቈይተዋል። ስብሰባቸው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የወንድማማችነት ንግግር ይበዛበታል፤ ዋናው ሥራ ግን ስንት ከብት ከየት ተነዳ፣ ማን ታገተ፣ በማን በኩል ይመለሳል የሚለው ዝርዝር ነው። አሰልቺ ዝርዝር ነው፤ ገጣሚ አይገጥምለትም። ሆኖም የደጋው የዱካ ሥርዐት ከወንዝ ዳር ደርሶ እንዳይጠፋ፣ ዱካውን ከማዶ የሚረከብ ሰው ስም የሚገኘው በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ ሁለት መቶ ዓመት የታጠቀ ሰው የተመላለሰበትን የመተማን ፈለግ ሻንጣና ሕፃን ያንጠለጠሉ ሱዳናውያን ይሻገሩት ጀመር። በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተሠራላቸው። በ2016 ዓ.ም. ማን እንደ ላካቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች በመጠለያዎቹ ውስጥና በአካባቢው ሰው ዘረፉ፣ አገቱ፣ ገደሉም፤ ስደተኞቹም ከመጠለያው ወጥተው በመንገድ ዳር በላስቲክ ሥር ለብዙ ሳምንት ተቀመጡ። ከዚያም ወደ አፍጢት ተዛወሩ። ከእነርሱ መካከል የገዳሪፍ ሰዎች እንደ ነበሩ አያጠራጥርም፤ በገዳሪፍ ገበያ ደግሞ የአርማጭሆን ሰሊጥ የማያውቅ ነጋዴ የለም።